ጉዳይ፦ ማር

በመቱ ከተማ በመንግሥት ጨረታ ተሸንፎ የማያውቅ አናጢ ካገኛችሁ፣ ተወዳድሮ የማያውቅ ነው ማለት ነው። እኔ ተወዳድሬያለሁ። ቡናው እስኪፈላ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ፤ ድምፄን ዝቅ የማደርገው ጎረቤት እንዳይሰማ ነው፣ ምንም እንኳ ጎረቤት ከእኔ ቀድሞ የሰማው ቢሆንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለም? ስለ ራሴ የሚወራውን መጨረሻ ላይ የምሰማው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው «ኤሌክትሮኒክ ግዥ» የሚባለው ገና በሩቁ ሲወራ፣ ጨረታ በፖስታ ታሽጎ ሳጥን ውስጥ በሚጣልበት ጊዜ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ሊገዛ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬም በደጁ ሳልፍ ጃንጥላዬን ፊቴ ድረስ ዝቅ አደርጋለሁ። ደግነቱ አገሩ ኢሉባቦር ነው፤ ጃንጥላ ለመያዝ ሰበብ አይጠፋም።

እስቲ ለመንግሥት አንዲት በርጩማ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ ልቁጠርላችሁ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቫት ምስክር ወረቀት፣ ዕዳ እንደሌለበት የሚናገር ክሊራንስ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በአቅራቢዎች ዝርዝር የተመዘገበበት ማስረጃ። ይኼኛው የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ከደነገጋቸው ነገሮች አንዱ ነው። አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተካ፤ ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው፤ ወረቀቱ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ነው። እኔ ማስረጃዬን ላሚኔት አሠርቼ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ዝቅ አድርጌ ሰቅየዋለሁ። በአጭሩ መንግሥት ከቤተሰቤ በላይ ያውቀኛል። ባለቤቴ በዓመት ስንት ግብር እንደምከፍል አታውቅም፤ እንኳንም አላወቀች።

ወረቀቴ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ታዲያ ምን ጎደለህ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ነገር ግን ከመነኻሪያው በላይ ካለችው ሻይ ቤት «ሰው አለኝ» ይቀመጣል።

«ሰው አለኝ» የቤት ስሙ አይደለም፤ እኛ ያወጣንለት ነው። በሙቀትም በዝናብም ኮት ይለብሳል፣ ብብቱ ሥር ተከፍታ የማታውቅ ማኅደር አለችው። ፓስፖርት ስትሉት ሰው አለኝ፣ መሬት ስትሉት ሰው አለኝ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ይዛወር ስትሉት እዚያም ሰው አለው። ስለ ጨረታው እንዴት እንደሰማ አልጠየቅሁትም። ሻዬን ሲያዝልኝ ግን መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው ወረቀት? ሰው ነው። እንግዲያው የሚመርጠውም ሰው ነው። ስምህን ጆሯቸው ላይ ጣል ላድርግልህ።»

ጣል ለማድረጊያ ሁለት ሺህ ብር ተቀበለኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔም መጠየቅ ነውር መስሎ ታየኝ። ይልቅ ማታ ቁጭ ብዬ የዋጋ ማቅረቢያዬ ላይ፣ ከእንጨቱ፣ ከቫርኒሹና ከምስማሩ በታች፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትል መስመር ጨመርኩ። ለወንበሩም ለጠረጴዛውም አካፈልኳት። ሁለት ሺህ ብቻ ብጨምር ደግ ነበር፤ ግን «ሰው አለኝ» ሌላም ሊጠይቀኝ ይችላል ብዬ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ደግሞ ለክፉ ቀን ብዬ ትንሽ ከፍ አደረግኋት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ፖስታው የሚገባበት ቀን ጠዋት ከጎሬ አክስቴ ደወለች። የጎሬን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከመቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ዳገቱን ስትጨርሱ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ደረቷን ይዟታል፣ ማር ላክልኝ አለች። የእኛ አገር የጫካ ማር፣ ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሚቆረጠው፣ ለሳል እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ቤት አምስት ኪሎ በፕላስቲክ ባልዲ ነበረን። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ጣል አድርጎ መነኻሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ጎሬ፣ ለአክስቴ ማሯን ሰጥቶ ማታ እቤት።

«ባልዲውን በአንድ እጅህ፣ ፖስታውን በአንድ እጅህ ያዝ» አለችኝ ባለቤቴ። ትክክል ነበረች፤ ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ፖስታው እንዳይረጥብ ብዬ ከባልዲው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ከተትኩትና ባጃጅ ላይ ዘለልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሴን ያወቅሁት ከለቀሙልኝ በኋላ ነው። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲዘል የባልዲው ክዳን መከፈቷን ማን ያያል?

በሩ ላይ ጥበቃው መዝገቡን ከፍተው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሥራቸውን አክባሪ። መታወቂያዬን ተቀበሉ፣ ስሜን ጻፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። የጨረታ ሰነዱ ለማን እንደሚገባ አውቃለሁና «ግዥ ኮሚቴ» አልኳቸው። ከዚያ ፌስታሉን እያዩ በኦሮምኛ «ማል ፊዴ?» አሉኝ፤ ምን ይዘህ መጣህ ማለታቸው ነው። የተጠየቅሁትን መመለስ እንጂ ሌላ አላውቅምና «ደማ» አልኳቸው፤ ማር ነው። አንገታቸውን ነቀነቁና ጻፉ። የመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ «ዽማ» ይላል፤ ጉዳይ። እኔ ምን እንደጻፉ አላየሁም፤ ሳጥኑ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል ተብሏልና ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

የሳጥኑ ቀዳዳ ጠባብ ነበር። ፖስታዬ ወፍራም ስለሆነ በአውራ ጣቴ ገፍቼ፣ በመዳፌም መትቼ አስገባሁት። እጄ ትንሽ ተጣበቀብኝ። ሙጫው ነው ብዬ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሊከፈት ነው ተባለ። ተጫራቾች መገኘት ይችላሉ፤ ጎሬ ቆይቶም ይደረሳል ብዬ ፌስታሌን ከወንበሬ ሥር አድርጌ ቁጭ አልኩ። አምስት ነን። ከጅማ የመጣ አንድ ባለ ክራቫት አለ፣ ካታሎጉ በቀለም የታተመ። ሌሎቹ እንደኔ የመጋዝ ዱቄት ከፀጉራቸው ያልለቀቀ ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሳጥኑን በቁልፍ ከፈቱ፣ እጃቸውን አስገቡ፣ አንዱን ፖስታ ሳቡ። አልመጣም። ደግመው ሳቡ። አምስቱ ፖስታ ተያይዞ ወጣ፣ ልክ ሳይበርድ ተደራርቦ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ እንጀራ።

ዝም አልን። አንዷ የኮሚቴ አባል ጣቷን አሸተተች። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ፖስታ ከሁለተኛው ሲያላቅቁ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም፤ ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ የሚያሳፍር ድምፅ። ከዚያ በመስኮቱ ንብ ገባች። አንዲት ብትሆን ቀላል ነበር። ጓደኞቿን ጠራች።

«ይኼ ማር የማን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ምን ልበል? የኔ ነው ብል ጨረታ ላይ ማር ይዤ መጣሁ ማለቴ ነው። የኔ አይደለም ብል ባልዲው ከእግሬ ሥር ነው። መሃሉን ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ባለ ክራቫቱ ግን እጁን አወጣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ በር ላይ ስፈርም ከላዬ የተጻፈውን አይቻለሁ። መዝገቡ ይምጣልን» አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

መዝገቡ መጣ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ላይ እንድትይዘው ቀስ እያሉ አነበቡ። ስሜን። የገባሁበትን ሰዓት። የምፈልገው ክፍል፦ ግዥ ኮሚቴ። ጉዳይ፦ ማር።

የሳቀ የለም። ቢስቁ እንዴት በተገላገልኩ!

ጨረታው ለጊዜው ይቆም፣ የሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊዋ ትጠራ ተባለ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት። እኔ፣ ባልዲዬና ንቦቼ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መጠበቅ ሰውን ያሳስባል፤ ያኔ ነው የአክስቴ ልጅ የነገረኝ ትዝ ያለኝ።

የአክስቴ ልጅ፣ የዚችው የጎሬዋ አክስቴ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ለሆስፒታል አልጋ የሚሸጥ ድርጅት ሻጭ ነው። እሱ እንደሚለው እዚያ አገር እቃ ይዞ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግዙኝ ለማለት የሚሄድ ሰው እንደ ዋዛ አይሄድም። በ2005 በእነሱ አቆጣጠር የኒውዮርክ ግዛት ባወጣው ሕግ፣ ትልልቅ ግዥ ላይ ውሳኔ ለማስለወጥ ሹም የሚያነጋግር ሰው ሎቢስት ይባላል፤ ለዚህ ሥራ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ከተከፈለው ወይም ካወጣ ስሙን፣ የሚሠራለትን ድርጅትና የተከፈለውን ያስመዘግባል። ጨረታው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ውሉ እስኪጸድቅ ደግሞ ከተመደበው ሰው በቀር ማንንም ስለዚያ ግዥ ማነጋገር ክልክል ነው። ሌላ ሠራተኛ ጋ ደውሎ ቢያወራ ያ ሠራተኛ የደዋዩን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና መሥሪያ ቤት መጻፍ አለበት። «ሰላም ልልህ ነው የደወልኩት ብትለው እንኳ ወረቀቱን ይስባል» አለኝ እየሳቀ። እኔም ያን ጊዜ ስቄ ነበር። ፈረንጅ ሥራ ሲያጣ ሰላምታ ይመዘግባል ብዬ።

አግዳሚው ላይ ሆኜ ግን አላሳቀኝም። የእኛን አገር በልቤ ደረደርኩት። አቅራቢው ተመዝግቧል፣ ማስረጃው ከገብርኤል ሥር ተሰቅሏል። ሹሙም ሀብቱን ያስመዘግባል፣ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ያስገድደዋል። ሹም አውቃለሁ ብሎ ተሰሚነቱን የሚሸጥ ሰው ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ወንጀለኛ ነው። ጥሩ። ወንጀል ሳይሠራ በግልጽ የሚያግባባው ግን የት ነው የሚጻፈው? ወንጀሉን የሚሠራውስ ቢሆን ሳይያዝ በፊት የት ይታያል? ከሻይ ቤቱ የሚመላለሰው ባለ ኮት በየትኛው ዝርዝር ላይ አለ? የትም። ወደ ግቢው ገብቶም አያውቅ፤ ኮሚቴውን የሚያገኛቸው በስልክ ነው፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሠርግ ቤት ነው። ማን ማንን ለምን እንዳነጋገረ የሚጽፍ አንድ መዝገብ ብቻ አየሁ፤ እሱም በር ላይ በሽማግሌው ጥበቃ እጅ ያለው ነው። ያ መዝገብ ደግሞ ያገኘው እኔን።

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። አያቴ ከጎሬ ቡና በበቅሎ ጭነው ወደ ጋምቤላ ከሚወርዱት ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ ቡናውን ይጭን ነበር። ጎሬ ከራስ ተሰማ ናደው ዘመን ጀምሮ የገዥ መቀመጫ ነበረችና ግሪኩም አርመኑም ሶሪያዊውም እዚያ ሱቅ ከፍቶ ነበር። አያቴ ሲያወሩ፣ ከሹም ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠናል ይሉ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በአገሬው ፊት። ማን ማንን ደጅ እንደሚጠና ሕፃን ልጅ ያውቃል። ትልቅ ቤተ መንግሥት ደግሞ የመጣ ሰው ባልደረባ ይሰጠዋል፤ አቤቱታውን የሚያቀርብለት፣ ሲጠራ ይዞት የሚገባ፣ ስለ እሱ የሚጠየቅ ሰው። እጅ መንሻውም በአደባባይ ነበር፤ ደግ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የመጣው ከዚያው ግቢ ነው። ግን ባልደረባህ ማን ነው ሲባል መልስ ነበረው። እኔን ያን ቀን ባልደረባህ ማን ነው ቢሉኝ ኖሮ «ሰው አለኝ» ልላቸው ነው? ይህን ሳስብ አግዳሚው ሞቀኝ፤ ሁለቱ ሺህ ብር ትዝ አለኛ!

ኃላፊዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ጨዋ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ማጣራት ብቻ ነው» አለችኝ። ማሩ የአክስቴ መሆኑን፣ ወደ ጎሬ እንደሚሄድ፣ ሳሏን፣ ባጃጁን፣ ሁሉን ነገርኳት። የአክስቴን ስልክ ጠየቀችኝ። እውነት ከኔ ጋር ናትና ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። ኮሚቴው እንዲሰማ ላውድ ስፒከር ላይ አደረገችው። አክስቴ ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ማለቱን መናገር ረሳሁ።

«እማማ፣ ከመሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው። ስለ ማሩ ልንጠይቅዎት ነበር።»

«ማነሽ ልጄ?»

«ከመሥሪያ ቤት ነው! ማሩ! የወንድምዎ ልጅ የያዘው ማር!»

«ማሩን ፈለጋችሁት? ውይ በሞትኩት! ውሰዱ፣ ውሰዱ! እኔ አሮጊቷ ሌላ ጊዜ ይደርሰኛል። ስጣቸው በይው፣ ለሥራው ይጠቅመዋል!»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አቆመች። ሰብሳቢውን አየች። ሰብሳቢው ንቦቹን አዩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። አክስቴ አልበቃትም፤ «እርጎም አለኝ ብትፈልጉ» አለችና የጎሬ ኔትወርክ አዘነልኝ፤ ተቋረጠ።

ኃላፊዋ ከንፈሯን ነክሳ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ማሩ ለኮሚቴው ለመሰጠቱ ማስረጃ የለም፣ አምስቱም ፖስታ እኩል ስለተጣበቀ አንዱ ከሌላው ያገኘው ጥቅም የለም፣ ጨረታው ይቀጥል አለች። ያቺ ልጅ ዳኛ ትሁን። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሁሉም ገባ፣ የአክስቴ እርጎ ሳይቀር።

ዋጋ ተነበበ። የአራቱ ተራ በተራ ተነበበና የኔ መጣ። ሰብሳቢው አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ተጠራጥረው ገጹን ከስሩ ካለው አላቀቁ፣ ደግመው አነበቡ። አንደኛ ነበርኩ፣ ከላይ። ባለ ክራቫቱ እንኳ አዘነልኝ። «ልዩ ልዩ ወጪ የምትለዋ ምንድን ናት?» አሉኝ አንዱ አባል። ከምን ልጀምር? ጣሪያውን አየሁ፤ ንቦቹ አምፖሉን ይዞራሉ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዱ አናጢ፣ የሁሩሙ ሰው፣ ጠጋ ብሎ «አንተም ለዚያ ለባለ ኮቱ ሰጠኸው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ስንት?» አልኩት። ነገረኝ። ሌላው ሰማን፣ እሱም ሰጥቷል። ባለ ክራቫቱ ምንም አላለም፤ ክራቫቱን አላላ። ከአምስታችን አንዱ ማሸነፉ አይቀርም፤ «ሰው አለኝ» ማታ ለእሱ «አላልኩህም?» ይለዋል፣ ለቀረነው «ሌላ ሰው ገባበት» ይለናል። ለእኔ ብቻ ሌላ ምክንያት ነበረው። በማግሥቱ ሻይ ቤት አገኘሁትና «እኔ ጨርሼልህ ነበር፣ አንተ ማር ይዘህ ሄድክ» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ጥቂት ቀረኝ።

ግን ገና ከግቢው አልወጣሁም። በሩ ላይ ሽማግሌው ባልዲውን አዩና መውጫ ወረቀት ጠየቁኝ። የኔ ነው፣ ይዤው ገባሁ አልኳቸው። መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ፤ ይዞት የገባው ንብረት በሚለው ዓምድ ሥር ባዶ ነው፣ ማሩ የተጻፈው ጉዳይ በሚለው ላይ ነው። ጉዳይ ይገባል፣ ይፈጸማል እንጂ ተሸክመውት አይወጡም። ያልተመዘገበ እቃ ከመንግሥት ግቢ ያለ ወረቀት አይወጣም፤ ንብረት ክፍል ሂድ።

ንብረት ክፍል ያለው ሰውዬ ነገሩን በትዕግሥት ሰማኝ። እንዲወጣ በሞዴል 22 ወጪ መደረግ አለበት አለ። በሞዴል 22 ወጪ ለመሆን ግን መጀመሪያ በሞዴል 19 ገቢ መሆን አለበት። ሚዛን አመጣ። አምስት ኪሎ የነበረው አራት ኪሎ ከሩብ ሆነ። የቀረው የት ሄደ አለኝ፤ ወደ ግዥ ክፍል በጣቴ አሳየሁት። «ኮሚቴው በላው እንዳልል ቃልህን ጠብቅ» አለና ብዕሩን አነሳ። የአቅራቢው ስም በሚለው ላይ ስሜን ጻፈ። የአቅራቢነት ምዝገባ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ በቃሌ ነገርኩት። የዕቃው ዓይነት፣ ማር። መለኪያ፣ ኪሎ። የአንዱ ዋጋ በሚለው ጋ ደርሶ ቀና አለ።

«ባዶ መተው አይቻልም» አለኝ። «ስንት ልበል?»